ከካሪ በኋላ የትኛው የማላይ ጣፋጭ ይቅረብ? የንጽጽር መመሪያ

የማሌዥያን ካሪ ለእንግዳ መሥራት የለመደ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቸገረው ሳህኑ ከተነሳ በኋላ ምን ላቅርብ ሲል ነው። አማራጩ ብዙ ነው፤ ሳጎ ጉላ መላካ፣ ቸንዶል፣ አይስ ካቻንግ፣ ቡቡር ቻ ቻ፣ ፑሉት ሂታም፣ ፔንጋት ፒሳንግ፣ ኦንዴ ኦንዴ፣ ስሪ ሙካ፣ አጋር አጋር እያለ ይቀጥላል። ከስማቸው ይበልጥ ግራ የሚያጋባው መመሳሰላቸው ነው። አብዛኞቹ የሚሠሩት ከኮኮናት ወተት፣ ከዘንባባ ስኳር፣ ከፓንዳን ቅጠልና ከአንድ ዓይነት ስታርች ነው። ፎቶ አይቶ የመረጠ ሰው አንዱ ከሌላው በሆድ ላይ ምን ያህል እንደሚለያይ የሚያውቀው ከበላ በኋላ ነው።

እኔ ምርጫዬን የምጀምረው ከካሪው ድስት ነው። ድስቱ ውስጥ የኮኮናት ወተት ገብቷል? ከገባስ ምን ያህል? ይህ ሳይመለስ ስለ ጣፋጩ ማውራት አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ መመዘኛዎቹን እናስቀምጥ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ጣፋጭ በነሱ እንለካው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው ስብ ነው። ማላዮች ሳንታን የሚሉት የኮኮናት ወተት፣ ጥሩ የሚባለው የቆርቆሮ ዓይነት ከክብደቱ ከ17 እስከ 22 በመቶ ገደማ ስብ ነው። ያልተቀነሰለት የላም ወተት ግን 3.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አንድ ዶሮ በካሪ ሲሠራ አንድ ቆርቆሮ፣ ማለትም 400 ሚሊ ሊትር ሳንታን በቀላሉ ይገባበታል፤ ድንቹም ያንን ይጠጣል። በዚያ ላይ ሌላ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ሳንታን ከተጨመረ እንግዳው ከወንበሩ መነሳት ያቅተዋል። በአንጻሩ አሳም ፔዳስ የሚባለው ጎምዛዛ የዓሣ ወጥ ሳንታን አይገባበትም፤ የሚጎመዝዘው በታማሪንድ ነው። ሬንዳንግ የሚባለው የሥጋ ወጥ ደግሞ ያሳስታል። ሲቀርብ ደረቅ ስለሆነ ቀለል ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ሳንታን ገብቶበት ለሰዓታት ከተንተከተከ በኋላ የሚተነው ውኃው ብቻ ነው። ስቡ ከሥጋው ጋር ይቀራል።

ሁለተኛው ማቃጠሉ ነው። የቃሪያ ማቃጠል የሚመጣው ካፕሳይሲን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ካፕሳይሲን በውኃ አይሟሟም፣ በስብ ይሟሟል። ወተት ውስጥ ያለው ኬሲን የተባለ ፕሮቲን ደግሞ ከምላስ ላይ ጠርጎ ይወስደዋል። ስኳርና ቅዝቃዜም ስሜቱን ያበርዱታል። በረዶ ብቻውን ግን የሚረዳው አፍ ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። ሚጥሚጣ ለለመደ ሰው ይህ መመዘኛ ብዙም አያስጨንቅም፤ ልጆች ወይም ቃሪያ የማይችሉ እንግዶች ካሉ ግን ከፍ አድርጋችሁ ያዙት።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ጣፋጩ በዋዜማው ይሠራል? ጠዋት ይሠራል? ወይስ እንግዳ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ? ካሪ ራሱ ሽንኩርት ማቁላላት፣ ቅመም መፍጨት፣ ማንተክተክ አለበት። ቀኑን ሙሉ ጓዳ የዋለ ሰው ከምሳ በኋላ እንደገና ተነስቶ በረዶ መፋቅ የለበትም።

አራተኛው ማን ይበላዋል የሚለው ነው። የኮኮናት ወተት ስሙ ወተት ይሁን እንጂ ከእንስሳ አይገኝም፤ ስለዚህ አብዛኛው የማላይ ጣፋጭ ምንም ሳይቀየር ለጾም ይሆናል። በሽምብራ ወይም በአትክልት ካሪ የጾም እንግዳ ለሚያስተናግድ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ከጾም ምግብ በኋላ የሚቀርብ ጣፋጭ ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። መጠንቀቅ ያለባችሁ እንቁላል ካለባቸው ኬክ መሳዮች፣ የቆርቆሮ ወተት ከሚፈስበት አይስ ካቻንግና በአጋር ፋንታ ጄላቲን ከተጠቀመ ሰው ነው። ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ በመሆኑ ሙስሊም እንግዶችም ይጠይቁበታል።

የመጨረሻው ዕቃና ወጪ ነው። በአገሩ ርካሽ የሆነው ነገር እኛ ዘንድ ከውጭ ስለሚመጣ ዋጋው ሊገለበጥ ይችላል።

አምስቱን እኩል አልመዝናቸውም። ስብና ጊዜ ይቀድማሉ፤ ሌሎቹ የሚያስፈልጉት ሁለት ተቀራራቢ አማራጮች ሲቀሩ ነው።

ውጤቱን የሚወስኑት ሦስት ዕቃዎች

ከሁሉም በላይ ልዩነት የሚያመጣው ስኳሩ ነው። ጉላ መላካ ከኮኮናት ዛፍ የአበባ እንቡጥ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ተሰብስቦ በሰፊ ድስት እስኪወፍር ከፈላ በኋላ በቀርከሃ ቁራጭ ውስጥ ተፈስሶ የሚረጋ ስኳር ነው። ድቡልቡልና ረዘም ያለ ቅርጽ የሚይዘውም ከቀርከሃው ነው። መልኩ ጥቁር ቡናማ ነው። ሲሸተት ጭስ ጭስ ይላል፣ ሲቀመስ ጣፋጭነቱ ከነጭ ስኳር የለዘበ ነው። ገበያ ላይ ከሸንኮራ ስኳር ጋር የተደባለቀ ብዙ ስላለ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ መጀመሪያ የተጠቀሰው ተራ ስኳር ከሆነ ገንዘባችሁን ለስሙ አትክፈሉ። ካልተገኘ ሕንዶች ሱቅ የሚሸጠው ጃገሪ ይተካዋል፤ እሱም ከሌለ ጠቆር ያለ ቡናማ ስኳር ከቁንጥር ጨው ጋር ይሆናል። ነጭ ስኳር ግን አይሆንም። እነዚህ ጣፋጮች ከነጭ ስኳር ጋር ጣዕማቸው ባዶ ነው።

ሳንታን ትኩስ ከኮኮናት ተፈቅፍቆ ለብ ባለ ውኃ ከታሸ መጀመሪያ የሚጨመቀው ወፍራሙ ነው፤ ከላይ የሚፈሰው እሱ ነው። ሁለተኛው ጭማቂ ቀጭን ስለሆነ ለማብሰያ ይሆናል። የቆርቆሮው ሲገዛ ቅባቱ ተቀንሷል የሚለውን ተዉት፤ ያው ውኃ የበዛበት ነው። ሳንታን ላይ ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛው ጨው ነው፤ ለአንድ ኩባያ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው የጣፋጩን ጣዕም ከመሠረቱ ይለውጠዋል። ሁለተኛው በኃይል አለማፍላት ነው፤ ከተንፈቀፈቀ ስቡ ተለይቶ ከላይ ይንሳፈፋል። ለካሪ ይህ ይፈለጋል፣ ለጣፋጭ ግን ያበላሸዋል። ትኩስ የተጨመቀ ሳንታን በሙቀት ውስጥ በሰዓታት ይጎመዝዛል፤ ወይ ወዲያው ፍሪጅ ይግባ ወይ በቀስታ ይሙቅ።

ፓንዳን ረጅም ቀጭን አረንጓዴ ቅጠል ነው፤ ተቋጥሮ ሽሮፑ ውስጥ ይፈላል። ሽታውን የሚሰጠው ንጥረ ነገር ባስማቲ ሩዝ ሲበስል ቤቱን የሚሞላው ራሱ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ሆነ በአሜሪካ ያላችሁ በእስያውያን ሱቆች የቀዘቀዘውን ታገኛላችሁ። ከሌለ ይቅር፤ በጠርሙስ የሚሸጠው አረንጓዴ ፈሳሽ ቀለም ይሰጣል እንጂ ሽታው ሳሙና ሳሙና ይላል።

ሳጎ ጉላ መላካ

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳው ይህንን ነው፣ ምክንያቱም ከካሪ በኋላ ሲቀርብ ረጅም ታሪክ አለው። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን በማላያና በሲንጋፖር እሑድ እሑድ ካሪ ቲፊን የሚባል ረጅም ምሳ ይበላ ነበር፤ መዝጊያውም ይኸው ጣፋጭ ነበር። ልማዱ ያለ ምክንያት አልጸናም። ሳጎው ራሱ ጣዕም የለውም ማለት ይቻላል፤ ቀዝቃዛና ለስላሳ ስለሆነ ቅመም ያደከመው ምላስ ያርፍበታል። ሳንታኑና ሽሮፑ ለየብቻ ስለሚቀርቡ እያንዳንዱ ሰው በሚፈልገው መጠን ያፈስሳል። ስቡን ለመቆጣጠር ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም፤ ከባድ ካሪ የበላ ሰው ሁለት ማንኪያ ሳንታን ብቻ ጨምሮ በሽሮፑ ሊበላው ይችላል።

ሳጎ ከሳጎ ዘንባባ ግንድ የሚወጣ ስታርች ነው፤ በማሌዥያ በዚህ የታወቀው የሳራዋክ ግዛት፣ በተለይም ሙካ አካባቢ ነው። በሌላ አገር ሱቅ ሳጎ ተብሎ የሚሸጠው ነጭ ፍሬ ብዙ ጊዜ የካሳቫ ስታርች ነው። ሁለቱም ለዚህ ሥራ ይሆናሉ።

ለ6 ሰው 200 ግራም ሳጎ ይበቃል። ሰው የሚሳሳተው አፈላሉ ላይ ነው። ሳጎውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፣ ይፈርሳል። 2 ሊትር ውኃ እየፈላ ሳለ እየበተናችሁ ጨምሩት፤ ከሥር እንዳይይዝ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ሳታቋርጡ አማስሉ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ፍሬዎቹ ከዳር እየጠሩ ይመጣሉ፤ መሐላቸው ላይ ግን የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነጥብ ትቀራለች። እሳቱን ማጥፋት ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው። ከድናችሁ 10 ደቂቃ ብትተዉት ነጥቧ በራሷ ጊዜ ትጠፋለች። ከዚያ ወንፊት ላይ ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት፤ የሚያጣብቀው ስታርች ይታጠባል፣ ፍሬዎቹም ለየብቻ እንደ ዓሣ እንቁላል ያበራሉ። በትንንሽ ሲኒ ሞልታችሁ ፍሪጅ አስገቡ። ሽሮፑ 200 ግራም ጉላ መላካ ከ150 ሚሊ ሊትር ውኃና ከፓንዳን ጋር ቀልጦ፣ በወንፊት ተጠልሎ የሚቀዘቅዝ ነው።

ጉድለቱ ሁለት ነው። አንዳንድ ሰው ተንሸራታች ነገር አፉ ውስጥ አይወድም፤ ይህን በማባበል አታሸንፉትም። ሌላው ደግሞ በዋዜማው ከተሠራ ፍሪጅ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይጠነክራል። ስለዚህ የዚያኑ ቀን ጠዋት ይሠራ።

በረዶ ያለባቸው፤ ቸንዶልና አይስ ካቻንግ

ቸንዶል በፓንዳን ጭማቂ አረንጓዴ የሆነ የሩዝ ዱቄት ሊጥ በቀዳዳ ወንፊት ተጨምቆ በረዶ ውኃ ውስጥ ሲወድቅ የሚሠራ አጭር ክር ነው። በተፋቀ በረዶ ላይ ከሳንታን፣ ከጉላ መላካና ብዙ ጊዜ ከተቀቀለ ቀይ ቦሎቄ ጋር ይቀርባል። መላካ ከተማና የፔናንጓ ጆርጅ ታውን በዚህ ስማቸው የገነነ ነው፤ ጆርጅ ታውን ውስጥ ሌቡ ኬንግ ክዊ በምትባለው ጠባብ መንገድ ሰው በፀሐይ ቆሞ ሳህኑን በእጁ ይዞ ይበላዋል። ጣዕሙ ሳጎ ጉላ መላካን ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ቤት ውስጥ መሥራቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሊጡ ትኩስ ሳለ መጨመቅ አለበት፣ ወንፊቱ ትክክለኛ ቀዳዳ ይፈልጋል፣ በረዶው ደግሞ ከተፋቀ በኋላ አይጠብቅም። ተዘጋጅቶ የታሸገ ክር የምታገኙ ከሆነ ሥራው በግማሽ ይቀላል፤ ካላገኛችሁ ለ4 ሰው ሞክሩት፣ ለ12 ሰው አትሞክሩት።

አይስ ካቻንግ ለመሥራት ከቸንዶል ይቀላል። የበረዶ ክምር ሥር ቀይ ቦሎቄ፣ በቆሎና ጄሊ ይደረጋል፤ ከላይ ቀይ የጽጌረዳ ሽሮፕና ኢቫፖሬትድ የሚባለው የቆርቆሮ ወተት ይፈስበታል። ቀደም ብዬ ያነሳሁት ኬሲን እዚህ ስለሚገኝ በጣም ለሚያቃጥል ካሪ ከዚህ የሚበልጥ መድኃኒት የለም። ሳንታን የለበትም፤ ስለዚህ ሳንታን ከበዛበት ካሪ በኋላም ሆድ አይከብድም። ልጆች ይወዱታል። ለጾም ከሆነ ወተቱን ትታችሁ ሽሮፑን ጨምሩበት። በረዶ መፋቂያ ከሌላችሁ ጠንካራ ብሌንደር በትንሽ በትንሹ ይፈጨዋል፤ ሻካራ ይሆናል እንጂ ያገለግላል።

በሾርባ መልክ የሚቀርቡት

ቡቡር የሚባሉት ጣፋጮች ገንፎና ሾርባ መሐል ያሉ ናቸው። ቡቡር ቻ ቻ ስኳር ድንችና ጎደሬ በትንንሹ ተቆርጠው በሳንታን ውስጥ ከሳጎ ጋር የሚቀርቡበት ነው። ሁለቱም በኛ ገበያ ስላሉ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ከውጭ የሚገዛው ሳንታኑና ሳጎው ብቻ ነው። ጎደሬውን ስትልጡ እጃችሁን ዘይት ቀቡ ወይም ጓንት አድርጉ፣ ያሳክካል፤ በደንብ ሳይበስል ከተበላም ጉሮሮ ይቧጥጣል። አንዱ ሌላውን እንዳያፈርስ ሁለቱን ለየብቻ በእንፋሎት አብስሉና መጨረሻ ላይ ሳንታኑ ውስጥ ጨምሩ።

ቡቡር ካቻንግ ሂጃው የሚሠራው ከማሾ ነው። ማሾ በሰሜን ሸዋና በደቡብ ወሎ ቆላማ ወረዳዎች በብዛት ይመረታል፤ አብዛኛው ለውጭ ገበያ የሚሄድ በመሆኑ በገዛ ቤታችን እምብዛም አይበላም። ከጉላ መላካ፣ ከዝንጅብል ቁራጭና ከሳንታን ጋር ሲፈላ እጅግ ደስ የሚል፣ ዋጋውም ዝቅተኛ የሆነ ጣፋጭ ይወጣዋል። ግን ጥራጥሬ ነው፤ ያጠግባል። እኔ ከካሪ በኋላ ከማቀርበው ይልቅ ለቁርስ ወይም ለመክሰስ እመርጠዋለሁ። ከጥቁር ተጣባቂ ሩዝ የሚሠራው ፑሉት ሂታምም ያው ነው፤ ሌሊቱን መዘፍዘፍና ከ1 ሰዓት በላይ መፍላት ይፈልጋል። በሩዝ ላይ ሩዝ መጨመር ስለሆነ ካሪው በሩዝ ከተበላ ተዉት፤ በሮቲ ወይም በቂጣ ከተበላ ይታሰብ።

ፔንጋት ፒሳንግ ግን ከነዚህ የሚለይ ነው። ሙዝ በቀጭን ሳንታንና በጉላ መላካ ውስጥ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ብቻ ይበስላል። ሙዙ ቢጫ ሆኖ ገና ጠንከር ያለ ይሁን፤ ነጠብጣብ የጣለው ይሟሟል። ለ6 ሰው 6 ሙዝ፣ አንድ ቆርቆሮ ሳንታን በዚያው ልክ ውኃ ቀጥኖ፣ 120 ግራም ስኳርና ቁንጥር ጨው ይበቃል። ድንገት እንግዳ ለመጣበት ሰው ከዚህ የፈጠነ የለም። ከአሳም ፔዳስ ወይም ሳንታን ከሌለው ሌላ ካሪ በኋላ ለብ ብሎ ሲቀርብ ከሳጎውም ይበልጣል። ከሳንታን ካሪ በኋላ ግን ሾርባ በሾርባ ላይ ነው።

ኩዌህ፤ በእጅ የሚበሉት

ኩዌህ የሚባሉት ትንንሽ የማላይ ጣፋጮች ብዙ ዓይነት ናቸው፤ እዚህ የማነሳው ሁለቱን ነው። ኦንዴ ኦንዴ ከተጣባቂ ሩዝ ዱቄትና ከፓንዳን የሚሠራ አረንጓዴ ድቡልቡል ነው፤ መሐሉ ላይ የጉላ መላካ ፍርፋሪ ይደረግና የፈላ ውኃ ውስጥ ይጣላል። ሲንሳፈፍ በስሏል፤ ጨው በነካው ትኩስ የኮኮናት ፍቅፋቂ ይንከባለላል። ሲነከስ ውስጡ የቀለጠው ስኳር አፍ ውስጥ ይፈነዳል፤ ስለዚህ በአንድ ጉርሻ መበላት እንዳለበት ለእንግዳው አስቀድማችሁ ንገሩት፣ አለዚያ ሽሮፑ ሸሚዝ ላይ ይፈስሳል። ለአንድ ሰው 3 ይበቃሉ። ትንሽ በመሆናቸውና ሳንታን ስለሌላቸው ከከባድ ካሪ በኋላም ይሆናሉ።

ስሪ ሙካ ከሥር በሳንታን የበሰለ ተጣባቂ ሩዝ፣ ከላይ አረንጓዴ የእንቁላል ክሬም ያለው በእንፋሎት የሚሠራ ነው። ያምራል፣ ይጣፍጣልም፤ ነገር ግን ከባድ ነው፣ ለጾም አይሆንም፣ ሁለቱ ክፍሎች ሳይለያዩ እንዲወጣ ልምድ ይፈልጋል። ከሻይ ጋር ብቻውን ይበላ። ኩዌህ ሁሉ የሚጋሩት ችግር ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ መጠንከራቸው ነው፤ በተሠሩበት ቀን ማለቅ አለባቸው።

አጋር አጋር እና ፍራፍሬ

አጋር ከባሕር አረም የሚወጣ ማርጊያ ነው። አንድ 10 ግራም ፓኬት ዱቄት 1 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያረጋል። ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሲወርድ ይረጋል፤ አንዴ ከረጋ 85 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ አይቀልጥም። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ወይም በቆላ አገር ላለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ያለ ፍሪጅ ይረጋል፣ ጠረጴዛ ላይም ቆሞ ይጠብቃል። ጥሬ አናናስ ጄላቲንን እንዳይረጋ ያደርገዋል፣ አጋርን ግን አይነካውም። አንዱ ሽፋን በጉላ መላካ ውኃ፣ ሌላው በጥቂት ሳንታን ቢሠራ ያምራል፤ ሁለተኛውን ከማፍሰሳችሁ በፊት የመጀመሪያውን ፊት በሹካ ጫር ጫር አድርጉት፣ ካልሆነ ሲቆረጥ ይላቀቃል። በጣዕም ከሳጎም ከቸንዶልም ያንሳል፤ በአስተማማኝነት ግን አንደኛ ነው።

በማላይ ቤቶች ከምግብ በኋላ የተቆረጠ ፍራፍሬ ብቻ ማቅረብ የተለመደ ነው። ፓፓያ፣ ሐብሐብ ወይም አናናስ ቀዝቅዞ ከቀረበ ከሬንዳንግ በኋላ አይነቀፍም።

ሰንጠረዡ

| ጣፋጩ | በሆድ ላይ | ለሚያቃጥል ካሪ | መቼ ይሠራል | ለጾም | ወጪና ልፋት |
|---|---|---|---|---|---|
| ሳጎ ጉላ መላካ | ቀላል እስከ መካከለኛ | በጣም ጥሩ | ጠዋት | ይሆናል | መካከለኛ ወጪ፣ ትንሽ ልፋት |
| ቸንዶል | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | በረዶው በሰዓቱ | ይሆናል | መካከለኛ ወጪ፣ ብዙ ልፋት |
| አይስ ካቻንግ | ቀላል | ከሁሉ የተሻለ | በሰዓቱ | ወተቱ ከቀረ | ዝቅተኛ ወጪ፣ መፋቂያ ይፈልጋል |
| ቡቡር ቻ ቻ | ከባድ | ደህና፣ ከቀዘቀዘ | በዋዜማው | ይሆናል | ዝቅተኛ ወጪ፣ መካከለኛ ልፋት |
| ቡቡር ካቻንግ ሂጃው | ከባድ | ደካማ | በዋዜማው | ይሆናል | በጣም ዝቅተኛ ወጪ |
| ፑሉት ሂታም | በጣም ከባድ | ደካማ | በዋዜማው | ይሆናል | መካከለኛ ወጪ፣ ረጅም ጊዜ |
| ፔንጋት ፒሳንግ | መካከለኛ | ደህና | በ20 ደቂቃ | ይሆናል | ዝቅተኛ ወጪ፣ ትንሽ ልፋት |
| ኦንዴ ኦንዴ | ቀላል | ደካማ | የዚያኑ ቀን | ይሆናል | መካከለኛ ወጪ፣ የእጅ ሥራ |
| ስሪ ሙካ | ከባድ | ደካማ | የዚያኑ ቀን | አይሆንም | መካከለኛ ወጪ፣ ልምድ ይፈልጋል |
| አጋር አጋር | በጣም ቀላል | ደህና | በዋዜማው | ይሆናል | ዝቅተኛ ወጪ፣ ትንሽ ልፋት |
| ፍራፍሬ | በጣም ቀላል | ደህና | በሰዓቱ | ይሆናል | እንደ ወቅቱ |

ማን ምን ይምረጥ?

ካሪያችሁ ሳንታን የበዛበት የዶሮ ወይም የፍየል ከሆነና እንግዶቹ ከ8 የማይበልጡ ከሆነ ሳጎ ጉላ መላካ በትንንሽ ሲኒ፣ ሳንታኑ ለብቻው በማንቆርቆሪያ። ለአንድ ሰው ከግማሽ ሲኒ አትበልጡ። እንግዶቹ መሐል ሳጎ የማይወድ ካለ ጥቂት ኦንዴ ኦንዴ ከጎኑ ይቀመጥ።

ካሪው ሳንታን ከሌለው፣ ለምሳሌ ጎምዛዛ የዓሣ ወጥ ወይም የምስር ካሪ ከሆነ፣ እዚህ ላይ ሳንታን አትቆጥቡ። ፔንጋት ፒሳንግ ወይም ቡቡር ቻ ቻ ለብ ብሎ ይቅረብ።

ማቃጠሉ ከልክ ያለፈ እንደሆነ ካወቃችሁና ልጆች ካሉ አይስ ካቻንግ፣ ከነወተቱ። ለጾመኛ እንግዳ ያው ሳህን ያለ ወተት ይሠራለት፤ ሁለት ዓይነት ጣፋጭ ማዘጋጀት አያስፈልግም።

በጀቱ ጠባብ ከሆነ ገንዘቡን በአንድ ነገር ላይ አውሉት፤ ጥሩ ጉላ መላካ ወይም ጥሩ ጃገሪ ግዙ። ሙዝና አጋር ርካሽ ናቸው፣ ስኳሩ ጥሩ ከሆነ ሁለቱም ያምርባቸዋል። በርካሽ ስኳር የተሠራ ውድ ቸንዶል ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሆናችሁ ኮኮናት የሚወደድባችሁ ከሆነ የሳንታኑን መጠን ከመቀነስ የሲኒውን መጠን መቀነስ ይሻላል፤ የቀጠነ ሳንታን ጣዕሙ አይደርስም።

ለረመዳን ማፍጠሪያ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ሰውየው ቀኑን ሙሉ አልበላም፤ ስለዚህ ከባድ ያልኳቸው ቡቡሮች እዚህ ቦታቸው ነው። በማሌዥያ የረመዳን ገበያዎች ኩዌህ በየዓይነቱ ተደርድሮ የሚሸጠውም በዚህ ሰዓት ነው። ቡቡር ካቻንግ ሂጃው ከካሪው በፊት በትንሹ፣ ከተራዊሕ፣ ማለትም ከረመዳን የሌሊት ሶላት በኋላ ደግሞ እንደገና ሊቀርብ ይችላል።

ከ20 ሰው በላይ ለሚጋበዝበት ድግስ ቸንዶልን፣ አይስ ካቻንግንና ኦንዴ ኦንዴን ከሐሳባችሁ አውጡ። አጋር አጋር በትልቅ ትሪ በዋዜማው አርጉ፣ በአልማዝ ቅርጽ ቁረጡ፣ ከጎኑ የቀዘቀዘ ፓፓያ ይቀመጥ። ከካሪው በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ አቅርቡት፤ አብሮት የሚሄደው ወተት የሌለው ጥቁር ሻይ ነው፣ ስኳሩም ከወትሮው ቀነስ ይበል።